የጤነኛዋ ደም

ሰኞ 2

ማቀዝቀዣው ውስጥ የነበረኝ ደም ዛሬ አለቀ። ጋሼ በረዶ የመጨረሻዋን ብልቃጥ አውጥተው እያሳዩኝ «በይ ጤነኛዋ፣ ክንድሽን አዘጋጂ» አሉኝ። ማቀዝቀዣዎቹን የሚጠብቁት እሳቸው ስለሆኑ ጋሼ በረዶ ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ እኔን ጤነኛዋ ያሉኝ ደግሞ እሳቸው ናቸው፤ አንበላለጥም። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤተ ሙከራ የጤነኛ ሰው ደም ሲፈለግ የምቀዳው እኔ ነኝ። አለቃችን ዶክተሯ የደም ግፊት አለባት፣ ጋሼን ሪህ ያሠቃያቸዋል፣ የቀሩት መርፌ ሲያዩ ላብ ያጠምቃቸዋል። የበሽተኛው ሁሉ ደም ደህና ነው ወይስ አይደለም የሚባለው ከእኔው ጎን ተቀምጦ ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኛል። ሌላ የምኮራበት ነገር ብዙም የለኝ።

ነርሷ ስትቀዳኝ የእጅጌዬ ላስቲክ ክንዴ ላይ ያወጣውን ሰምበር አየችና «አብጠሻል እንዴ?» አለችኝ። «ወፍሬ ነው» አልኳት። በዚህ ዝናብ ማን ይንቀሳቀሳል።

ረቡዕ 4

ሚጣን ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፣ የልብስ ስፌት ቤት አላት፣ ለእኔ ግን ዛሬም ሚጣ ነች። ደም ሥሮቿ መቆጣት የጀመሩት እማዬ በሞተችበት ሰሞን ነው፤ ሁለት ዓመት ሆነው። እማዬ መጨረሻ ላይ በደንብ የተሰማኝ ንግግሯ አንድ ነው፤ «እህትሽን አደራ»። ከዚያ ወዲህ ሚጣ ስታስል እኔ እንቅልፍ የለኝም።

ዛሬ ለጥናታችን ደም ሰጠች። ነርሷ ቁጥሩን ብልቃጡ ላይ ልትለጥፍ ስትል «ዞር በይ፤ የትኛው የማን እንደሆነ ማወቅ የለብሽም» አለችኝ። ደንብ ነው። ደንቡን ለአዲስ ሠራተኛ የማስተምረው እኔው ነኝ። ዞር አልኩ። ነርሷ ጥጥ ልታነሣ ስታጎነብስ መለስ ብዬ አየሁት። 31። ማየት አልነበረብኝም። ለሚጣም አልነገርኳትም።

ስንመለስ መንገድ ላይ «እትዬ፣ ለመሆኑ በደሜ ምን ልታደርጊበት ነው?» አለችኝ።

«የደም ሥርሽ ውስጡ በሕዋስ የተነጠፈ ነው፤ ጎን ለጎን ጥብቅ ብለው የተቀመጡ። ሰውነት ጠላት ገባብኝ ሲል ይጮኻል። ጩኸቱ በደም ውስጥ የሚሄዱ ጥቃቅን መልእክተኞች ናቸው። ሕዋሳቱ እነሱን ሲሰሙ ላላ ይላሉ፣ በር ይከፍታሉ፣ ነጭ የደም ሕዋስ እየሮጠ ያልፋል። ሌባው ሲያዝ ይዘጋሉ።»

«የእኔስ?»

«የአንቺ ሰፈር ሌባ ሳይኖርም ኡኡ ይላል። በሩ ተከፍቶ ያድራል። ውሃው ይሾልካል፣ ደሙ ይሾልካል። እኔ ደግሞ ደምሽን ቤተ ሙከራ ያሳደግኳቸው ሕዋሳት ላይ ጨምሬ ምን ያህል እንደሚከፈቱ አያለሁ።»

«ታዲያ ዝም በሉ የሚል ሽማግሌ የለም?»

«ክኒንሽ ነዋ።»

«ሽማግሌው እኮ ጉንጬን አሳበጠው!» ብላ መንገደኛ ዞሮ እስኪያያት ሳቀች። ሐኪሟ የሰሞኑ ምርመራ ደህና ከሆነ ክኒኑን በግማሽ እንቀንሳለን ብሏታል። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃታት ወራት አልፈዋል። እስኪቀነስላት ቀን እየቆጠረች ነው።

ዓርብ 6

ሩጫ። ከማዋለጃ ክፍል ሁለት እትብት መጣ፤ አንዱ ቆይቶ ስለነበር ተጣለ። ከሌላው የደም ሥር ሕዋሳቱን አጥቤ አወጣሁ። ደህና ይዘዋል።

እንግዶች መጡ። ዶክተሯ «አንቺ አስረጂያቸው» አለች። ፕሌቱን አሳየኋቸው፤ ሕዋሳቱ የሚቀመጡበት የፕላስቲክ ሳህን ነው፤ ትንንሽ ጉድጓዶች በአሥራ ሁለት መደዳ። ከአንድ እስከ አሥራ አንድ የበሽተኞች ደም በቁጥራቸው ተራ፣ ከ31 እስከ 41። አሥራ ሁለተኛው የእኔ። አንዱ እንግዳ «ተገልብጦ ቢገባስ?» ብሎ ጠየቀ። «አይገባም። አንዱ ጥግ የተቆረጠው ለዚህ ነው፤ ተገልብጦ ከሆነ ማስቀመጫው አይቀበለውም። ከማስቀመጫው ውጭ ደግሞ እኔ ጠብታ አልጨምርም» አልኩ። ሳቁ።

ምሳ አልበላሁም። ጫማዬ ጠበበኝ።

ረቡዕ 11



ትናንት ደም የጨመርኩባቸውን ሕዋሳት ዛሬ ጠዋት በማይክሮስኮፕ አየሁ። ከመደዳ ሁለት እስከ አሥራ አንድ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ እዚህም እዚያም በመጠኑ ተላቀዋል። መደዳ አንድ ላይ ሕዋሳቱ ጥቅጥቅ ብለው ተኝተዋል፤ መርፌ አያስገቡም። መደዳ አሥራ ሁለት ግን ሌላ ነው። ሕዋሳቱ ኩምትር ብለዋል፣ ቀጥነዋል፣ አንዱ ከአንዱ ተለያይቷል፣ መሐላቸው ባዶ ነው። ከላይ የጨመርኩት ሰማያዊ ቀለም በሙሉ ወደ ታች ሾልኳል። እንዲህ ያለ ነገር ያየሁት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከተኙ ሰዎች ደም ላይ ብቻ ነው።

አሥራ ሁለት የእኔ ነው።

ተቀመጥኩ። ተነሣሁ። እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። ከዚያ ገባኝ፤ ፕሌቱን ገልብጬው ነው። ሌላ ሊሆን አይችልም። እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ዝናቡ ራሱ ያፈዛል፣ ሰው ነኝ። ከተገለበጠ ደግሞ አሥራ ሁለተኛው አንደኛ፣ አንደኛው አሥራ ሁለተኛ ይሆናል። አንደኛው 31 ነው። 31 ሚጣ ነች።

ፈራሁ። ይኼ ሁሉ ጩኸት በሚጣ ደም ውስጥ ካለ ክኒኑ ምንም አልሠራም ማለት ነው። ቀጥሎ ኩላሊቷ ነው። ከዚያ ሳንባዋ። ሐኪሟ ደግሞ መድኃኒቱን ሊቀንስላት ነው! እማዬ ምን ትለኝ ይሆን? ያን የመሰለ አደራ ተቀብዬ ቁጥር እያየሁ ቁጭ ብያለሁ።

መዝገቡ ላይ «ፕሌቱ ተገልብጧል፤ 1 እና 12 ይቀያየሩ» ብዬ ጻፍኩ። እንዴት እንደተገለበጠ አልጻፍኩም።

ሐሙስ 12

ለዶክተሯ ነገርኳት። መነጽሯን አወለቀች። «አንቺ? ገለበጥሽ?» አለችኝ። «ደክሞኝ ነበር» አልኳት። መነጽሯን መልሳ አድርጋ «አዲስ ሕዋስ ሲደርስ ድገሚው» አለች። አሥር ቀን ይፈጃል።

ጋሼ በረዶ በሩ ጋ ቆመው ይሰሙ ነበር። እሳቸው ዝም ሲሉ አልወድም።

ቅዳሜ 14

ሚጣ እየዘለለች መጣች፤ ሐኪሟ ክኒኑን በግማሽ ቀንሶላታል።

«አትቀንሺ» አልኳት።

«ምን?»

«የነበረውን ያህል ዋጪ። ቆይተሽ ትቀንሻለሽ።»

«ምርመራው ደህና ነው እኮ ያለኝ። እትዬ፣ ምን አይተሽ ነው?»

«ምንም አላየሁም። ይህን ሥራ ስንት ዓመት ሠራሁት? እመኚኝ።»

ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ እንዴት እንደጠፋ አየሁ። ከዚያ «እሺ እትዬ» አለች። አንድም ጥያቄ አልጨመረችም። ከጩኸት ይልቅ እሺታዋ አመመኝ።

የሙሽራ ቀሚስ ተረክባለች፤ ሙሽራዋ የምትወስደው ወር ሳይሞላ ነው። አጠገቧ ተቀምጬ አሥር መርፌ ላይ ክር አስገብቼ ትራስ ላይ ደርድሬላት ሄድኩ። ቀለበቴ ጣቴ ላይ አልንቀሳቀስ ስላለኝ በሳሙና አወለቅኩት።

ሰኞ 16

ማታ ማታ ያተኩሰኛል። ጉንፋን ነው። ቢሮ ሁሉም ያስላል።

ሰኞ 23

የተቆረጠውን ጥግ በቀይ ቀለም አቀለምኩት። ፕሌቱን ማስቀመጫው ላይ ሳስቀምጥ አንዴ፣ ደም ስጨምር አንዴ፣ ሳነሣ አንዴ፣ በድምሩ ሦስት ጊዜ አረጋገጥኩ።

ያው ነው። አንድ ጸጥ ብሏል። አሥራ ሁለት ተበታትኗል።

ብልቃጤ ተበክሏል። ባክቴሪያ የገባበት ደም እንዲህ ያደርጋል፤ ይህን ማንም ያውቀዋል። ሁለተኛ ብልቃጥ ከፈትኩ፤ ያም ያው። ነርሷ ክንዴን በደንብ አልጠረገችው ይሆናል። ያን ቀን ወሬ ይዛ ነበር።

ግን ዛሬ ካልተገለበጠ የዚያን ቀኑም አልተገለበጠም። ካልተገለበጠ ደግሞ የሚጣ ደም ሰላም ነው፤ እኔ ያለ ጥፋቷ ክኒን እያስዋጥኳት ነው። ልነግራት ይገባል። ተሳስቻለሁ፣ ሐኪምሽ እንዳለሽ ቀንሺ ልላት ይገባል። ይህን ልላት ስነሣ ያኛው ነገር አብሮ ይነሣል። ስለዚህ መልሼ እቀመጣለሁ።

ነገ እነግራታለሁ።

ሐሙስ 26

ነገ። ዛሬ ቀሚሱ ላይ ነች፤ አላስቸግራትም።

ዓርብ 27

ሚጣ ስፌት ቤቷ ውስጥ ወደቀች። ጎረቤቷ ናት የደወለችልኝ። በዝናብ ሮጬ ስደርስ የስፌት መኪናው ሥር ተዘርግታለች፣ ነጩ ቀሚስ አብሯት መሬት ላይ ነው። ሞታለች ብዬ ነበር። ጮኼም ነበር መሰለኝ፤ ጎረቤቷ አፌን በእጇ ይዛኝ ነበርና።

ስኳሯ ሰማይ ነክቷል። ክኒኑ ነው ያመጣው። ሐኪሟ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ «ወደ ግማሽ አውርጂ ብዬሽ አልነበረም?» አላት። «አዎ» አለች። «ማነው አትቀንሺ ያለሽ?»

ሚጣ አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«ረስቼው ነው» አለችው።

ሐኪሙ ከሄደ በኋላም አፌን አልከፈትኩም። ስድስት ዓመት ሙሉ ጤነኛ ይሉኛል፤ ጤነኛ ሰው እንዲህ ያደርጋል?

እሑድ 29

ሚጣ ተሽሏታል። ስኳሯ ወርዷል፣ ክኒኗ በግማሽ ተቀንሷል። ቀሚሱን ሌላ ሰፊ ወሰደው።

ከሰዓት አጠገቧ ተቀምጬ እግሬን አልጋው ጫፍ ላይ አሳረፍኩ። ካልሲዬ ወረድ ብሎ ነበር። ሚጣ ጣቷን ቁርጭምጭሚቴ ላይ ጫን አድርጋ አነሣችው። ጎድጉዶ ቀረ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ቆሜ ስለምውል ነው።»

«እነዚህ ቀያይ ነጥቦችስ?»

«ትንኝ ነው።»

«እትዬ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የራሴን ጨርቅ መንገድ ላይ ሰው ለብሶት ሳይ አውቀዋለሁ። ይኼ የእኔ ጨርቅ ነው።»

«አታሟርቺ!» ብዬ ካልሲዬን ሳብኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ስለነበር የጎን አልጋዋ ሴትዮ ተነሥታ ተቀመጠች።

ሚጣ ትራሷ ላይ ተመልሳ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለች። ስታሾፍብኝ የምትለው ነው። ዛሬ ግን አልሳቀችም።

ሰኞ 30

ሻይ ልቀዳ ስሄድ ጋሼና ዶክተሯ መዝገብ ክፍል ውስጥ ሲያወሩ ሰማሁ። «ፊቷን አይተሻል? ጠዋት ጠዋት ዓይኗ አይገለጥም እኮ» ይላሉ ጋሼ። ዶክተሯ «እኔ ምን ብዬ ልጀምርላት?» አለች። ስለ ማን እንደሆነ አልሰማሁም። ማዋለጃ ክፍል ያለችው ተላላኪ ሰሞኑን ትታመማለች፤ ስለ እሷ ይሆናል።

ሻዩን ሳልቀዳ ተመለስኩ።

ሐሙስ 3

ጋሼ በረዶ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ብልቃጥ አስቀመጡ። በረዶው እየቀለጠ ጽሑፉ ታየ። «ጤ»፣ ጤነኛ ለማለት፤ ከሥሩ የዛሬ አራት ዓመት ቀን። የእጄ ጽሕፈት ነው።

«አልቋል አላሉኝም ነበር?»

«ለክፉ ቀን አንዷን ከታች ቀብሬያት ነበር። አንቺ ተገለበጠ ካልሽበት ቀን ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ያለች ያህል ከብዳኛለች። ራስሽ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ጠበቅኩ።»

«ምን ላድርጋት?»

«አሮጌሽንና አዲስሽን ጎን ለጎን አስቀምጫቸዋ። ሁለቱም አንቺ ነሽ፤ ቢገለበጥ የማን ነው ልትይ?»

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለው ሪሃም እግራቸውን እየጎተቱ ወጡ።

ብልቃጧን ይዤ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ማዕዘኑ ውስጥ የቆሻሻ መጣያው አለ። ብጥላት ማንም አያየኝም። ይህንን አሰብኩ። መጻፌ ራሱ ያሳፍረኛል፤ ግን አሰብኩት።

ሰኞ 7

ጨመርኩት። አየሁት።

የዛሬ አራት ዓመቷ እኔ ጸጥ ብላለች፤ ሕዋሶቿ ጥብቅ ብለው ተቃቅፈዋል። ከጎኗ የአሁኗ እኔ። ክፍተት ብቻ ነው። ቀለሙ ሾልኮ አልቋል። ነጭ የደም ሕዋሳት ጨምሬ አየሁ፤ በአሮጌው ላይ ተንሸራተው አለፉ፣ በአዲሱ ላይ ሙጭጭ ብለው ቀሩ።

ዶክተሯ መጥታ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ አየች። እጇን ጀርባዬ ላይ አሳረፈች። ከዚያ መዝገቡን ከፍቼ በ11 ቀን የጻፍኩትን ሰረዝኩት፤ ከሥሩም «ፕሌቱ አልተገለበጠም» ብዬ ፈረምኩ። ፕሌቱ ተገልብጦ እንደማይገባ ደግሞ ያን ቀንም አውቅ ነበር።

ማክሰኞ 8

ሚጣ ቤቷ ገብታለች። ገና ከበሩ ጀመርኩ፣ ልቀመጥ ካልኩ እንዳልተወው ፈርቼ። ቁጥሯን ማየቴን፣ መደዳ አንድን፣ መደዳ አሥራ ሁለትን፣ ክኒኑን አትቀንሺ ያልኩበትን ምክንያት፣ ሁሉንም ነገርኳት። እጇ ላይ የነበረውን ጨርቅ አስቀመጠች።

«ደህና መሆኔን ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

«ከ23።»

«እኔ የወደቅኩት በ27።»

«አዎ።»

መርፌዋን ትራሱ ላይ ሰካች። ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ። «ያን ቀሚስ ሁለት ሳምንት ደከምኩበት እኮ፣ እትዬ» አለችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ይቅርታ ስላት «ተይው፤ በኋላ ነው የምቆጣሽ። አሁን የምጠይቅሽን መልሺ» አለችኝ፤ ልክ እማዬ ስትቆጣ እንደምትሆነው ቀጥ ብላ ተቀምጣ።

«ሽንትሽ አረፋ ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«ቀለሙስ?»

«ጠቁሯል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዝናቡ ከመግባቱ በፊት።»

ለማንም አልተናገርኩትም ነበር። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልጻፍኩትም። ሳልጽፈው ብቀር አይኖርም መስሎኝ ነው።

«የፈሩት ይደርሳል፤ የጠሉት ይወርሳል» አልኳት እየተነፋረቅኩ።

«ደርሷል፤ በቃ። እኔ አልሞትኩ፤ አንቺም አትሞቺም። ሐሙስ ጠዋት እመጣለሁ፤ ልብስሽን ለብሰሽ ጠብቂኝ። ብትደበቂ ሰፈርተኛ ሰብስቤ ኡኡ እልብሻለሁ።»

ሐሙስ 10

ይህን የምጽፈው ከአልጋ ላይ ነው። ኩላሊቴ ተነክቷል፤ ምን ያህል እንደሆነ ገና አልታወቀም። ሐኪሙ «ዘግይተሻል፤ በጣም ግን አልዘገየሽም» አለኝ። በጣም የሚለው ቃል ላይ ተንጠልጥዬ ውያለሁ። እፈራለሁ። ሰዓቱ እንኳ ሲቆጥር ያስፈራኛል።

ጠዋት ነርሷ ደም ልትቀዳኝ ስትመጣ ከልማዷ ብዕሯን አንሥታ ብልቃጡ ላይ «ጤ» ብላ ጻፈች። ሚጣ «እሱን አይደለም» አለቻት፤ ቀስ ብላ። ነርሷ አየችን። ሰረዘችው። አዲስ ብልቃጥ አመጣችና ቁጥር ልትለጥፍ ስትል «ዞር በይ፤ ማየት የለብሽም» አለችኝ።

ዞር አልኩ። የዛሬው የምር ነው፤ ዓይኔንም ጨፈንኩ። ያ ቁጥር ፕሌቱ ላይ ሲገባ ምን እንደሚሠራ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አጠገቤ የሚጣ ወንበር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፤ አንገቷን አስግጋለች።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«ስንት ነው?»

«አልነግርሽም» አለችና እጄን ያዘችኝ። እጇ እንደ ድሮው አይንቀጠቀጥም። የምትንቀጠቀጠው የእኔዋ ነበረች።